«እሱ» እያለ የሚተርክ ሁሉ ሁሉን አወቅ አይደለም

«ታሪኩ በሦስተኛ መደብ ነው የተተረከው፤ አንጻሩ ሁሉን አወቅ ነው ወይስ ውሱን?» ላልከው፣ መደቡ («እሱ»፣ «እሷ» እያለ መተረኩ) ብቻውን አንጻሩን፣ ማለትም ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚታይ፣ አይነግርህም። ተራኪው የማንን ልብ እንደሚያውቅ ነው የምታየው። እንዲህ አድርግ፦

1. ገጸ ባሕርያቱ ያሰቡት፣ የተሰማቸው ወይም የተመኙት ነገር የተነገረባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አስምርባቸው።

2. ከእያንዳንዱ አጠገብ የሐሳቡን ባለቤት ስም ጻፍ።

3. የተጻፈው የአንድ ሰው ስም ብቻ ከሆነ ውሱን ነው። ተራኪው ከአንዱ ልብ ወደ ሌላው እንደ ልቡ የሚመላለስ ከሆነ፣ ወይም ከገጸ ባሕርያቱ ማንም ሊያውቅ የማይችለውን ከነገረህ ሁሉን አወቅ ነው። ምንም ያሰመርክበት ከሌለስ? ያየውንና የሰማውን ብቻ የሚያቀርብ ታዛቢ ነው። (በየክፍሉ ሰው እየቀያየረ ውሱን ሆኖ የሚዘልቅ ተራኪም አለ፤ እሱ ግን ይበልጥ የሚያጋጥምህ በረጅም ልቦለድ ነው።)

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። የተማሪዎችን መልስ ሳርም ደጋግሜ የማየው ስህተት ግምትን እንደ ዕውቀት መቁጠር ነው። ታሪኩ ከበደን እየተከተለ ሳለ «አልማዝ ፈራች» ቢል ተራኪው አልማዝ ልብ ውስጥ ገብቷል ማለት ይቻላል። «አልማዝ የፈራች መሰለች» ካለ ግን ከውጭ ያያት ከበደ ነው፤ አንጻሩ አሁንም ውሱን ነው። «መሰለች»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ፊቷ ላይ ይነበባል» የሚሉትን ሳታጣራ ስሟን እንዳትጽፍ። ፈተና ላይ ደግሞ «ውሱን ነው» ብለህ ብቻ አትለፍ፤ ያሰመርክበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀስ።