የመኪናዎ ጥያቄ፦ የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ሲጮህ

ከጎንደርና አካባቢዋ ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ኋላ ጎማ ኩሽኔታ (ጎማው ያለ ፍትጊያ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት) ስለሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ከአዘዞ፦ እ.ኤ.አ. የ2008 ስሪት፣ ፎር ዊል የሆነች ራቭ ፎር አለችኝ። ክረምቱን ጎርጎራ ስመላለስባት ከርሜ፣ አሁን በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ስነዳ ከኋላ የሚያጓራ ድምፅ ይሰማኛል። አንዱ መካኒክ ጎማ ነው ይላል፣ ሌላው ኩሽኔታ። ኩሽኔታ ከሆነ እንዴት ነው የሚቀየረው?

መልስ፦ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይለዩት። የኋላ ጎማዎችን ወደ ፊት፣ የፊቶቹን ወደ ኋላ ያዛውሩና ይንዱ። ድምፁ ወደ ፊት ከተዛወረ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ ጥርሱን በእጅዎ ሲዳብሱት ከፍ ዝቅ ማለቱ ይታወቅዎታል። ድምፁ ከኋላ ከቀረ ግን ኩሽኔታውን ይጠርጥሩ። የኩሽኔታ ጩኸት የሚጨምረውና የሚቀንሰው ከጎማው ፍጥነት ጋር ነው፤ ሞተሩ ሳይጠፋ ማርሹን ፍሪ ቢያደርጉትም አይጠፋም። ባዶና ሰፊ አስፋልት ላይ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ሲያዞሩ ጩኸቱ ከበረታ፣ ክብደቱ የተጫነው ቀኙ ላይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የተበላሸው የቀኙ ነው። “ብዙ ጊዜ” ያልነው ድምፅ በቦዲው ውስጥ ተዘዋውሮ ስለሚያሳስት ነው።

ስለዚህ በእጅ ያረጋግጡ። የፊት ጎማዎችን በታኮ ይያዙ፤ መኪናዋ ፎር ዊል ስለሆነች ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንስተው በብረት ድጋፍ ላይ ያሳርፏት፤ ማርሹን ፍሪ አድርገው የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይነቅንቁት። ከተነቃነቀ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ካልተነቃነቀም ግን ኩሽኔታው ደህና ነው ማለት አይደለም። አንድ እጅዎን ሞላው ላይ አሳርፈው በሌላው ጎማውን ያሽከርክሩት። የተጎዳ ኩሽኔታ መርገፍገፉ በሞላው በኩል ጣትዎ ላይ ይሰማል፤ ጤነኛው ጸጥ ይላል። ሁለቱን ጎኖች ማነጻጸር ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

በእርስዎ መኪና ላይ ኩሽኔታው ከሀቡ (ጎማው ከሚታሰርበት የመሃል ብረት) ጋር አንድ ሆኖ የሚመጣ ነው። ከኋላ በኩል በአራት ብሎን ስለሚታሰር ፕሬስ (በኃይል ገፍቶ የሚያስገባ ማሽን) አያስፈልገውም። ሌሊቱን ብሎኖቹንና የአክስሉን ጫፍ ዝገት አስለቃቂ ዘይት ያጠጧቸው። በማግስቱ ጎማው መሬት ላይ እንዳለ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ የመሃሉን ክዳን አውጥተው የአክስሉን ዳዶ ያላሉ። የዳዶው ጠርዝ ወደ አክስሉ ጎድጎድ ተመትቶ የታጠፈ ከሆነ፣ በቀጭን መሮ አስቀድመው ያቅኑት። ሳያቀኑ ቢፈቱት የአክስሉን ጥርስ ይዞት ይሄዳል፤ ያኔ ወጪው የኩሽኔታ ሳይሆን የአክስል ይሆናል።

መኪናዋን አንስተው ድጋፍ ላይ ካሳረፉ በኋላ ጎማውን ያውልቁ፤ አሁን የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። ብዙ ሰው ዲስኩን በመዶሻ ሲቀጠቅጥ የሚውለው ውስጥ ያለው የእጅ ፍሬን ሸራ ጨብጦ ስለያዘው ነው። ካሊፐሩን (የፍሬን ፓዶቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) ከነመያዣው ፈትተው በሽቦ ሞላው ላይ ያንጠልጥሉት እንጂ በፍሬን ቱቦው አይሰቀል። ዲስኩ አሁንም እምቢ ካለ፣ ፊቱ ላይ ባሉት ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ልካቸው የሆኑ ብሎኖች አስገብተው ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት ያጥብቁ፤ ራሱ ይወጣል።

የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ሽቦ በመንገድዎ ካለ ሶኬቱን ይንቀሉ። ዳዶውን ከአክስሉ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን መልሰው አስገብተው፣ በላዩ እንጨት አድርገው በመምታት አክስሉን ከሀቡ ጥርስ ያላቅቁ። ከዚያ አራቱን ብሎኖች ከኋላ በኩል ይፍቱ። ቡሶላው (የብሎኑን ራስ የሚውጠው መፍቻ) በደንብ ሳይገባ አይሞክሩ፤ ጭቃ የሞላበት የብሎን ራስ አንዴ ከተበላ የቀኑ ሥራ እዚያው ያልቃል። ሀቡ ዝጎ ከተጣበቀ ብሎኖቹን ሙሉ በሙሉ ሳያወጡ ጥቂት ዙር አላልተው፣ ራሳቸውን እየቀያየሩ ይምቱ። ሀቡ ሲወጣ የፍሬን ሸራዎቹን የያዘው ቆርቆሮ አብሮ ሊላላ ስለሚችል ሰው ይያዘው፤ የእጅ ፍሬኑን ገመድ እንዳይጎትት።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት መቀመጫውን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪታይ ያጽዱ። የቀረች የዝገት ቅርፊት ሀቡን ታጋድለዋለች፤ ከዚያ ዲስኩ ይወላገዳል፣ ፍሬን ሲይዙ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል። ስስ ግራሶ ቀብተው ሀቡን በእጅ ያስገቡ፣ አራቱን ብሎኖች በሰያፍ እያፈራረቁ ያጥብቁ። በመዶሻ የገባ አዲስ ኩሽኔታ ከመጀመሪያው ቀን የተቀጠቀጠ ኩሽኔታ ነው።

ዳዶው አዲስ ይሁን። የመጨረሻውን ማጥበቅ የመኪናዋ ማኑዋል በሚያዘው ልክ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ መፍቻ ያድርጉት፤ የአክስል ዳዶ ብዙ ጊዜ ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ ስለሚጠይቅ በግምት አይሆንም። አክስሉ እንዳይዞር ዲስኩና ካሊፐሩ ከተመለሱ በኋላ ረዳት ፍሬን ይርገጥ። ዳዶው በልኩ ሳይጠብቅ የመኪናዋ ክብደት ጎማው ላይ እንዳያርፍ። የኩሽኔታውን የውስጥ ቀለበቶች ጨምቆ የሚይዘው ይኸው ዳዶ ነው፤ ላልቶ ሳለ ክብደት ከተጫነ ኳሶቹ መሄጃቸውን ይጎዱታል። በመጨረሻ የዳዶውን ጠርዝ ወደ ጎድጎዱ ይምቱት፣ የጎማውን ዳዶዎች በ103 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፣ ከመንቀሳቀስዎ በፊት የፍሬን ፔዳሉን ጠጠር እስኪል ይርገጡ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳች በኋላ የጎማውን ዳዶዎች እንደገና ይፈትሹ።

ከማራኪ፦ የእኔ መኪና ኩሽኔታ በፕሬስ የሚገባ ነው። ከተቀየረ ሁለት ወር ሳይሞላው እንደገና ጮኸ። ዕቃው ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን መጀመሪያ የምንጠረጥረው አገባቡን ነው። ኩሽኔታው ወደ መቀመጫው ሲገባ ፕሬሱ መግፋት ያለበት የውጭውን ቀለበት ብቻ ነው። ሀቡ ወደ ኩሽኔታው ሲገባ ደግሞ ከሥር መደገፍ ያለበት የውስጡ ቀለበት ነው። ይህ ከተገላበጠ የፕሬሱ ቶን ሁሉ የሚያልፈው በኳሶቹ ውስጥ ነው፤ በዓይን የማይታይ ስርጉድ ይተዋል፣ ጩኸቱም በሳምንታት ውስጥ ይመጣል። መቆለፊያ ቀለበቱ በጎድጎዱ ሙሉ ለሙሉ መቀመጡን፣ ሀቡ ላይ ተጣብቆ የቀረው አሮጌ ቀለበት ሲቆረጥ ግራይንደሩ ሀቡን አለመብላቱንም ይጠይቁ። ኩሽኔታውን በእሳት አሙቆ ማስገባት ፈጽሞ አይሆንም፤ ግራሶውና ፓራኦሊዮው (ግራሶ እንዳይወጣ፣ ውሃ እንዳይገባ የሚያሽገው ላስቲክ) ይቃጠላሉ። የኤቢኤስ መብራት አብሮ ከበራ ደግሞ ኩሽኔታው ተገልብጦ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ማግኔት ያለው ፊቱ ወደ ሴንሰሩ መዞር አለበት።

ከፒያሳ፦ አንዱ ሲቀየር ሌላውም አብሮ መቀየር አለበት?

መልስ፦ የለበትም። ዝም ያለውን አይንኩት።

ከደባርቅ፦ ኩሽኔታዬ ይጮሃል፣ ዕቃው እስኪመጣ ሊማሊሞን ወርጄ መመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ አይውረዱ። ጎማው የሚነቃነቅ ከሆነ ዲስኩ እየተወላወለ የፍሬን ፓዶቹን ወደ ኋላ ይገፋቸዋል፤ ቀጥሎ ፔዳሉን ሲረግጡ ጠልቆ ይገባል። ይህ በሜዳ ላይ ያስደነግጣል፣ በዚያ ጥምዝ ቁልቁለት ላይ ግን ገደል ይከታል። ድምፁ ቀላል ሆኖ ምንም የማይነቃነቅ ከሆነ፣ ዝግ ብለው፣ ጭነት ሳይዙ እስከ ጋራዥ ድረስ ብቻ።

ከአራዳ፦ ሀቡን ስገዛ ምን ልይ?

መልስ፦ ሊብሬውን ይዘው ይሂዱ፤ ዕቃው በሻንሲ ቁጥር ይፈለግ። የፎር ዊሉ ሀብ መሃሉ ቀዳዳና ጥርስ አለው፣ በፊት ጎማ ብቻ የምትነዳዋ ግን አያስፈልጋትም፤ በመልክ ግን ይመሳሰላሉ። አሮጌውን አጠገቡ አስቀምጠው ጥርሱን፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀትና የኤቢኤስ ሶኬቱን ያነጻጽሩ። ያገለገለ ኩሽኔታ አንመክርም፤ ዋጋው ቢረክስም የማውለቁ ድካም ያው ነው።

ከወለቃ፦ በየክረምቱ ግራሶ ብጨምርበት አይሻልም?

መልስ፦ የዛሬዎቹ ታሽገው ስለሚመጡ መጨመሪያ የላቸውም፤ ለመጨመር ሽፋኑን መክፈት ውሃ መጋበዝ ነው። ወንዝ ሲሻገሩ ግን ይጠንቀቁ፦ ረጅም መንገድ ነድተው የጋለ ኩሽኔታ ድንገት ውሃ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ውሃውን በፓራኦሊዮው በኩል ይስባል። ከመሻገርዎ በፊት ጥቂት ቆም ይበሉ። መኪና አጣቢዎችም ጭቃውን ለማስለቀቅ የፓምፑን ውሃ በቅርበት ሀቡ ላይ እንዳያነጣጥሩ ይንገሯቸው፤ እዚያ ያለው ጭቃ በእጅና በብሩሽ ይልቀቅ።