ማፍላት ለፍሎራይድ አይሆንም፤ እኔን ያየ ይጠንቀቅ

እህቴ፣ «ለሥራ ወደ ዝዋይ ልንዛወር ነው፤ የ2 ዓመት ልጅ አለን፤ የቧንቧውን እያፈላሁ ልስጠው ወይስ ሃይላንድ ልግዛ?» ያልሽውን አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። እኛም ልጃችን ዓመት ተኩል ሳለች ነበር ወደዚያው መስመር የወረድነው። የከተማዋ ስም ይቅር።

1. በማፍላት አትተማመኚ። ለታይፎይድና ለአሜባ አፍዪ፣ ጥሩ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግን ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚገባ፣ ሲበዛ የልጅ ጥርስ የሚያበላሽ ፍሎራይድ አለ። በዓይን አይታይ፣ በምላስ አይለይ። ሲፈላ ውሃው ይተናል፣ እሱ እዚያው ይቀራል። የቀረው ውሃ ውስጥ እንዲያውም መጠኑ ይጨምራል። እኔ ደግሞ ጎበዝ አባት ነኝ ብዬ የግቢያችንን ጉድጓድ ውሃ በየማታው ሃያ ደቂቃ ሳንተከትክ ኖርኩ! 5 ዓመት ሙሉ።

2. ቲዲኤስ የሚሉትን እስክሪብቶ መሳይ መለኪያ እንዳትገዢ። ሻጩ ሃይላንድ ውስጥ ነከረው፣ ቁጥሩ ትንሽ። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ነከረው፣ ትልቅ። አመንኩና ከፈልኩ። ለካ ዕቃው የሚነግርሽ የሟሟውን ማዕድን በጅምላ ነው። ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ካልሲየም ቁጥሩን ይሰቅለዋል፤ እሱ አይጎዳም። የዓለም ጤና ድርጅት ለፍሎራይድ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በመቶ የሚቆጠር ንባብ ውስጥ ይኼ የት ይታያል?

3. ላቦራቶሪ አስመርምሪ። የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። ናሙና ይዤ አንድ ቢሮ ሄድኩ። «ደብዳቤ አምጣ።» አመጣሁ። «ማኅተሙ ደብዝዟል።» በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። አንዷ ጠርሙሴን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችና «ይኼ እኮ ኩልል ያለ ውሃ ነው፤ ሥራ ፈተህ ነው?» አለችኝ። ተናድጄ እዚያው ደጃፍ ላይ ደፍቼው ወጣሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ልጄ 7 ዓመት ሲሞላት የፊት ጥርሶቿ በልዘው በቀሉ። ሐኪሙ ገና ሲያያት «የት ነው የምትኖሩት?» አለኝ። ጥርሱ የሚበላሸው ድድ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ ነው፤ በቡርሽ አይለቅም። በማግስቱ አዲስ አበባ ድረስ ናሙና ወስጄ አስመረመርኩ። ፍሎራይዱ በሊትር 4.6 ሚሊግራም!

ሃይላንድም ቢሆን ዝም ብለሽ አትግዢ። ወረቀቱ ላይ የፍሎራይዱን መጠን ፈልጊ፤ ካልተጻፈበት ወይም ከ1.5 ካለፈ ተዪው። ለሚጠጣው፣ ለገንፎው፣ ለሾርባው፣ ለሻዩ ይሁን። ገላውን በቧንቧው እጠቢው፣ ብርሽን አትጨርሺ። እኛ ዛሬ አዲስ አበባ ተመልሰን የለገዳዲን የቧንቧ ውሃ ነው የምንጠጣው። ክሎሪኑ ሲሸተኝ ክፍት ጆግ ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ ይለቃል።

እዚያ ስትደርሺ ቧንቧው ከጉድጓድ ይሁን ከሌላ ቦታ የሚመጣ አጣሪ። ናሙናውን በንጹሕ ፕላስቲክ ያዢ፣ በብርጭቆ ጠርሙስ አይሁን። ደብዳቤውን ከመሥሪያ ቤትሽ ሳትነሺ አጽፊ። ማኅተሙንም አይተሽ ተቀበዪ።