ከአሜሪካ የመጣ የስፌት መኪና ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ የቤት ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ላከችልኝ። ጀርባው ላይ «120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ፣ 0.9 አምፔር» ይላል። ስፒናው ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ስላለው ሶኬታችን አይቀበለውም። ሱቅ ስጠይቅ ትንሽ የስፒና ማቀያየሪያ ሰጡኝ። ይበቃል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይበቃም፤ እባክዎ በእሱ እንዳይሰኩት። ማቀያየሪያው የጥርሱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። መኪናው ከሚችለው እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ቮልት ሲገባበት ሞተሩ ከልክ በላይ ይፈጥናል፣ ካርቦኑ (ሞተሩ ውስጥ እየተፋተገ መብራት የሚያስተላልፈው ቁራጭ) ይበልጭልጫል፣ የሽቦው ሽፋን ይቃጠላል። አምፖሉና ፔዳሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ቀድመው ይሄዳሉ። ዲጂታል ከሆነ ካርዱ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው፣ ወዲያው ይሞታል።

የሚያስፈልግዎ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። 120 ቮልት በ0.9 አምፔር ሲባዛ 108 ዋት ይሆናል። ስለዚህ ቢያንስ 200 ዋት፣ ቢቻል 300 ዋት የሚችል ይግዙ፤ በ50 ሄርዝ እንደሚሠራም የተጻፈበት ይሁን። እንደ ስልክ ቻርጀር የቀለለውን አይውሰዱ፤ እሱ ለፀጉር ማድረቂያና ለመሳሰሉት ማሞቂያዎች የተሠራ ነው። እውነተኛው ትራንስፎርመር ውስጡ ብረትና መዳብ ስለሆነ ሲያነሱት ይከብዳል።

የብዙ ሰው መኪና የሚበላሸው ትራንስፎርመር ከተገዛ በኋላ ነው። ብዙዎቹ ከኋላ 110/220 የሚል ማብሪያ አላቸው፤ ከፊት ደግሞ የ110 እና የ220 መውጫ ጎን ለጎን ይኖራቸዋል። ማብሪያው 220 ላይ መሆኑን ሳይሰኩት ያረጋግጡ። የ220 መውጫውን በፕላስተር ይሸፍኑት። ከዚያ ትራንስፎርመሩን ብቻውን ሰክተው የ110 መውጫውን በቴስተር (ቮልቱን በቁጥር በሚያሳይ መለኪያ) ይለኩ፤ ከ105 እስከ 125 ቮልት ካሳየ መኪናውን ይሰኩ። ስለ 60 ሄርዙ አይጨነቁ፤ የቤት መኪና ሞተር ካርቦን ያለው ስለሆነ በ50 ሄርዝም ይሠራል።

መኪናው ሞተሩ ውጭ የታሰረ አሮጌ ሞዴል ከሆነ የ220 ሞተርና ፔዳል ማስገጠም የተሻለ ነው። ያን ጊዜ አምፖሉንም በ220 ያስቀይሩ፤ ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ስሰፋ የመኪናው ብረት ይነዝረኛል፣ በተለይ ባዶ እግሬን ስሆን። ስፒናውን ገልብጬ ስሰካው ይቀንሳል። በዚያው ልቀጥል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ዛሬውኑ ያቁሙ። ስፒናውን መገልበጥ ንዝረቱን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ወደ ሞተሩ ወይም ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ ሽፋኑ ደርቆ መሰነጣጠቁ፣ አለበለዚያ ሞተሩ ውስጥ የተከማቸ የካርቦን ዱቄት ነው። የስፌት ዘይት የነካው ጎማ ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል።

ስፒናውን ነቅለው ቴስተሩን ከፍተኛው የኦም መለኪያ ላይ ያድርጉ። አንዱን ጫፍ ቀለም ባልነካው ብሎን ላይ፣ ሌላውን በስፒናው ጥርሶች ላይ ተራ በተራ ያስነኩ። ፔዳሉን ረግጠውም ይድገሙት። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካነበበ ባለሙያ ሽቦውን ሳይቀይረው አይሰኩ። በ110 ትራንስፎርመር የሚሠራ መኪናም ከዚህ አያመልጥም፤ በገበያ ያሉት አብዛኞቹ ትራንስፎርመሮች የመኪናውን መስመር ከ220ው መስመር አይነጥሉትም።

ጥያቄ፦ ከዱባይ የመጣስ? (ከደሴ)

መልስ፦ እዚያም መብራቱ ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው፤ ትራንስፎርመር አያስፈልግም። ሦስት ወፍራም ጥርስ ያለውን ስፒና በእኛው ማስቀየር ይበቃል። የመሬት ሽቦ ካለው፣ አረንጓዴና ቢጫው ማለት ነው፣ ተቆርጦ እንዳይቀር።

ጥያቄ፦ ሰፍቼ ሳልጨርስ መብራት ሲጠፋ ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እግርዎን ከፔዳሉ አንስተው ስፒናውን ይንቀሉ። መብራቱ ሲመለስ ወዲያው አይሰኩ፤ ቮልቱ እስኪረጋጋ 5 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። መርፌ ሲቀይሩና ክር ሲያስገቡም እንዲሁ ይንቀሉ፤ ፔዳሉ ሳያስቡት ከተነካ መርፌው ጣት ላይ ይወርዳል።