«ስንት ቀን ይፈጃል?» ብሎ ለጠየቀኝ ወጣትና ለጓደኞቹ

ውድ ወጣቶች፣

ከእናንተ አንዱ በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ወዳሉት የርዌንዞሪ ተራሮች ለመሄድ አስቦ «ከሁሉ ከፍ ያለው ማርጋሪታ ጫፍ ደርሶ ለመመለስ ስንት ቀን ይፈጃል?» ሲል ጠይቆኛል። አንድ ሳምንት ገደማ ነው፤ ነገር ግን እኔም በጊዜዬ ከሁሉ አስቀድሜ የጠየቅሁት ይህንኑ ስለ ነበር ጥያቄው ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ።

የሄድነው ሁለት ሐኪሞች ነበርን፤ እኔና በዕድሜም በሙያም የምበልጠው ባልደረባዬ። በኡጋንዳ በኩል ለሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው ዝግባ የበዛበት ጥንታዊ ደን ነው፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚንጠባጠበው ውሃ ስለማያቋርጥ ተጓዡ ከላይ በዝናብ፣ ከውስጥ በላቡ ይርሳል። ቱራኮ የተባለች ክንፏ ደም የመሰለ ወፍ በላያችን ስትሻገር ባልደረባዬ እንድመለከታት ጠርቶኝ ነበር፤ እኔ ግን ሰዓቴን እያየሁ አለፍሁ። ቀርከሃውንና እንደ ዛፍ የረዘመውን አስታ ተሻግረን በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ የባኮንዞ ተወላጅ የሆኑት አዛውንት መሪያችን ልብሳችን በእሳት እስኪደርቅ አንድ ቀን እንድናርፍ መከሩን። እኔ የቀሩኝን የፈቃድ ቀናት ቈጥሬ እምቢ አልሁ፤ ባልደረባዬም እኔ ከተናገርሁ በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ቢጎ በሚባለው ረግረግ ውስጥ ስንሄድ ለምጠይቀው መመለስ ተወ። የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አቃተው። ይንቀጠቀጥ የነበረው ሰውነቱ ሲረጋ «ሞቀው» ብዬ ደስ አለኝ፤ የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ እጅግ የወረደ ሰው መንቀጥቀጡን እንደሚያቆም ለተማሪዎች ሳስተምር የኖርሁት ግን እኔው ነበርሁ። መሪያችን ጣቶቹን ዳስሰው፣ እኔን ሳይጠይቁ ሸክማቸውን አወረዱ፤ እርጥብ ሸሚዙን አውልቀው የራሳቸውን ደረቅ ልብስ አለበሱትና «እንመለስ» አሉ። ጫፉ ገና ሁለት ቀን እየቀረው እንኳ እኔ ተከራከርኋቸው፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

ስለ ጫማና ስለ ዝናብ ልብስ ሌሎች ይንገሯችሁ። እኔ የምለምናችሁ በዕድሜ የሚያንሰውን ሰው ሐሳቡን አስቀድማችሁ እንድትጠይቁት፣ ታላቁ ከተናገረ በኋላ እንዳይሆን ነው። የዛሬ ወጣቶች እጃችሁ ላይ ያሰራችሁት ሰዓት የሚቈጥረውን እርምጃ እንጂ አጠገባችሁ የሚሄደውን ሰው ፊት አታዩም እያልሁ አዝናለሁ፤ ይሁንና እኔም እንዲህ ያለ ሰዓት ሳይኖረኝ የባልደረባዬን ፊት አላየሁም። አትቸኩሉ እያልሁም ቶሎ ሂዱ እላችኋለሁ፤ ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ የአብሩዚው መስፍን እ.ኤ.አ. በ1906 ጫፉን ሲረግጡ ከነበረው የበረዶ ግግር አብዛኛው ቀልጧልና።

ባልደረባዬ በዚያው ሌሊት ከእሳቱ አጠገብ ተሻለው፤ ዛሬም እንገናኛለን። ብርዱ ከየትኛው ሰዓት ጀምሮ እንደተሰማው ግን ጠይቄው አላውቅም።