ጥያቄና መልስ፦ የሂሮሺማ መታሰቢያ ላይ ብገኝ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ከረሙ? እኔ ጀርመን ነው የምኖረው፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ነኝ። አብራኝ የምትሠራ ጃፓናዊት አለች፣ አያቷ ሂሮሺማ ላይ የአቶም ቦምቡ ሲጣል ከተረፉት ናቸው። በየዓመቱ ኦገስት 6 ማታ ወንዝ ዳር ተሰብስበው ሻማ ያበራሉ፣ የወረቀት ፋኖስም ውሃው ላይ ይለቃሉ። ዘንድሮ ነይ አለችኝ፣ የኒውክለር መሣሪያ ይጥፋ የሚል ፔቲሽንም ላከችልኝ። ሙታኑ ግን አልተጠመቁም፣ ፋኖሱም የጣዖት ነገር ነው ይሉኛል። አንድ ወንድም ደግሞ "ጦርነቱን የጀመሩት ራሳቸው ናቸው፣ እንደ ሰዶም እሳት ወረደባቸው፣ አንቺ ምን አገባሽ፣ ፖለቲካ ነው" አለኝ። ልሂድ ወይስ ልቅር? ወለተ ኪዳን ነኝ።

መልስ፦ እህቴ ወለተ ኪዳን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከሰዶሙ ልጀምር፣ እሱ ላይ የራሴም ጥፋት ስላለብኝ።

ወጣት ሰባኪ እያለሁ ስለ ዓለም ፍጻሜ ሳስተምር ሂሮሺማን ልክ እንደ ወንድማችን የሰዶም ምሳሌ አድርጌ ተናግሬያለሁ፣ ሕዝቡም እልል አለልኝ። ጉባኤው ሲያልቅ አንዲት እናት መጥተው እጄን ያዝ አደረጉና "ልጄ፣ አባቴ በ1928 ተከዜ ላይ ጣልያን ከአውሮፕላን ባፈሰሰው መርዝ ነው ቆዳው ተልጦ የሞተው፣ ከሰማይ የወረደ ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው እንዴ?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ዝም አልኩ። ቤቴ ገብቼ ዘፍጥረት 18ን ሳነበው አብርሃም ለሰዶም ሲለምን ነው ያገኘሁት፣ ከ50 ጀምሮ እስከ 10 ጻድቅ ድረስ እየወረደ። አብርሃም ይለምንላት ለነበረች ከተማ እኔ ጉባኤ ላይ እልልታ ተቀበልኩባት። ጌታም የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸውን 18 ሰዎች ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠይቆ አይደለም ብሏል እኮ።

ነነዌን በየዓመቱ እንጾማለን አይደል። መጨረሻው ላይ እግዚአብሔር ዮናስን ቀኝና ግራቸውን ስለማይለዩ ከ120 ሺህ ስለሚበልጡ ሰዎች ይጠይቀዋል፣ ስለ እንስሶቹ እንኳ። ሂሮሺማ ላይ እስከዚያው ዓመት መጨረሻ የሞተው ወደ 140 ሺህ ሰው ነው። ቀኑ በእኛ ሐምሌ 30 ቀን 1937 ነበር፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15፣ የ12 እና የ13 ዓመት ተማሪዎች መሐል ከተማ ወጥተው እሳት እንዳይዛመት ክፍተት ለማበጀት ቤት ያፈርሱ ነበር፣ ከነሱ ብቻ ወደ 6 ሺህ የሚሆኑት አለቁ። ጃፓን ጦርነቱ ውስጥ የሠራችው ግፍ የታወቀ ነው፣ ቻይናና ኮሪያ ይናገሩት፣ ግን የትኛው ሕፃን ነው ጦርነት ያወጀው?

ሁለተኛው ቦምብ የተጣለባትን ናጋሳኪን ደግሞ ስሚ። ከሦስት ቀን በኋላ ነው፣ በእኛ ነሐሴ 3፣ የእኛ ሰው ፍልሰታ ይዞ ሱባኤ ላይ በነበረበት ቀን። አውሮፕላኑ መጀመሪያ የሄደው ኮኩራ ወደምትባል ከተማ ነበር፣ ኢላማው በደመናና በጭስ ስለተሸፈነበት ወደ ናጋሳኪ ዞረ። ቦምቡ የፈነዳው ኡራካሚ የሚባለው የክርስቲያኖች ሰፈር ላይ ነው፣ እነዚህ ሰዎች አባቶቻቸው በስደት 250 ዓመት ገደማ ተደብቀው ሃይማኖታቸውን የጠበቁ ናቸው (ካቶሊኮች ናቸው፣ ልዩነታችን እንዳለ ሆኖ)። ካቴድራላቸው ቦምቡ ከፈነዳበት 500 ሜትር ገደማ ነበር፣ ሰዓቱም ምእመናን ለእመቤታችን ዕርገት በዓል ንስሐ ለመግባት ካህናቱ ጋ የቀረቡበት። ውስጥ ከነበሩት አንድም አልተረፈም። ከሰፈሩ 12 ሺህ ያህል ክርስቲያኖች ወደ 8 ሺህ 500 ሞቱ። ከፍርስራሹ የእመቤታችን የእንጨት ምስል ጭንቅላት ተገኘ፣ ጉንጯ ጠቁሯል፣ ዓይኖቿ ተቃጥለው ጉድጓዱ ብቻ ነው የቀረው፣ እስከ ዛሬ እዚያው ቤተ ክርስቲያን አለ። "እንደ ሰዶም" የሚለው ወንድማችን ይህችን ምን ሊላት ነው?

ቦምቡን ለጣሉት ወታደሮች ነፍስ አባት የነበረ ጆርጅ ዛበልካ የሚባል ካህንም ነበር። ያኔ አንድ ቃል አልተናገረም፣ ኋላ ግን ዝም ማለቴ በደል ነው ብሎ ተጸጽቶ የቀረ ዘመኑን ጦርነትን ሲቃወም ኖረ። እኔም የዚያችን እናት ጥያቄ ሳስብ እሱ ትዝ ይለኛል።

ሙታኑ አልተጠመቁም ስላልሽው፣ ፍትሐትና ተዝካር የቤተ ክርስቲያን ልጆች ሥርዓት ነው፣ እሱን አድርጊ ያለሽ የለም። ማዘን ግን ሌላ ነው። ኢየሩሳሌምን አይቶ ያለቀሰ ጌታ ነው ያለን። ከተረፉት አንዷ ሴትሱኮ ተርሎው ናት፣ ያኔ 13 ዓመቷ ነበር፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ኦስሎ ላይ የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጥ ቆማ የተናገረችው ስለ አራት ዓመቱ የእህቷ ልጅ ነው፣ ፊቱ እስከማይለይ ተቃጥሎ በደከመ ድምፅ ውሃ ውሃ እያለ ሞተ። ውሃ ብለው የሞቱት ብዙ ናቸው፣ ለዚህ ነው እዚያ በመታሰቢያው ላይ ውሃ የሚያቀርቡላቸው። "ተጠምቼ አጠጥታችሁኛል" የሚለውን የምታነብ ነርስ ይሄ ባዕድ ነገር አይሆንባትም ብዬ አስባለሁ፣ አንቺ እኮ በየቀኑ የአረጋውያን ከንፈር የምታርጥቢ ሰው ነሽ።

የተረፉት በጃፓንኛ ሂባኩሻ ይባላሉ፣ ብዙዎቹ ለዓመታት ዝም ብለው ነው የኖሩት፣ ጨረር አለባቸው ተብለው ትዳርና ሥራ ይከለከሉ ነበር። ሰማዕት ማለት በግእዝ ምስክር ማለት ነው፣ እነሱን ሰማዕት ልላቸው አይደለም፣ ግን ቁስላቸውን በአደባባይ ገልጠው ማንም ላይ አይድገም ብለው መመስከራቸው ቀላል አይደለም። ኒሆን ሂዳንክዮ የሚባለው ማኅበራቸው በ2024 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው ለዚህ ነው። አሁን የቀሩት ከ100 ሺህ በታች ናቸው፣ አማካይ ዕድሜያቸው ከ85 በላይ፣ የጓደኛሽን አያት ታሪክ ዛሬ ካልሰማሽ ነገ ላትሰሚው ትችያለሽ።

ፖለቲካ ነው ላለሽ ደግሞ ይህን ንገሪው። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የጾመ ነቢያት መግቢያ ዕለት ማለት ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኒውክለር መሣሪያ መጠቀም በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ብሎ ወሰነ፣ 55 ድጋፍ፣ 20 ተቃውሞ፣ 26 ድምፀ ተአቅቦ። ሐሳቡን ይዛ የቀረበችው ማን ነች ብትይ ኢትዮጵያ ነች! በመርዝ ጋዝ የተቃጠለ ሕዝብ መንግሥት ነዋ። እና አንቺ ፔቲሽን ብትፈርሚ ከባዕድ አልተማርሽም። በ2017 እ.ኤ.አ. 122 አገሮች መሣሪያውን ለሚከለክል ስምምነት የድጋፍ ድምፅ ሰጥተዋል፣ አንቺ ያለሽባት ጀርመን አልፈረመችም፣ ጓደኛሽ የላከችልሽ እሱን የሚመለከት ከሆነ አንብቢና ፈርሚ። እኛም በቅዳሴ ዲያቆኑ ስለ ሰላም ጸልዩ ሲል አቤቱ ማረን የምንለው ለጎረቤታችን ብቻ ነው እንዴ?

ፋኖሱ ላይ ግን ጠንቀቅ በይ። አመጣጡ የሙታንን ነፍስ በብርሃን መሸኘት ነው፣ የቡድሃ ሰዎች ልማድ፣ ዛሬ ብዙው ሰው ለመታሰቢያ ያህል ቢለቀውም። እኔ ብሆን ወንዙ ዳር እቆማለሁ፣ ሻማም አበራለሁ፣ ፋኖሱን ግን አልለቅም፣ ጓደኛሽም ብታስረጂያት አትቀየምም። የወረቀት ወፍ መሥራት ምንም የለበትም፣ ከሂሮሺማው ቦምብ ተርፋ የነበረች ሳዳኮ የምትባል ልጅ በ12 ዓመቷ በደም ካንሰር ከመሞቷ በፊት ሆስፒታል ተኝታ ትሠራው የነበረ ነው።

ኦገስት 6 ሐምሌ 30 ስለሆነ ፍልሰታ ገና አልገባም፣ ማታውን ሄደሽ በማግሥቱ ለሱባኤው ትደርሻለሽ። ጸሎተ ዕጣን ማድረስ ምናምን አያስፈልግም እዚያ፣ አቡነ ዘበሰማያት በልብሽ በቂ ነው። ለንስሐ አባትሽም ከመሄድሽ በፊት ንገሪያቸው፣ የአያቷን ነገር ከሰማሽ በኋላ ጻፊልኝ።