ልጄን «ቡዳ» እያሉ ይሰድቧታል፣ የ7 ዓመት ልጅ ይከሰሳል ወይ?

ጥያቄው ከኮምቦልቻ የመጣ ነው፣ ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላቅርበው።

«ልጄ 7 ዓመቷ ነው፣ የግል ትምህርት ቤት 2ኛ ክፍል ትማራለች። እናቴ ሸክላ ሰሪ ናት፣ እኔም ጀበናና ምጣድ ገበያ አወጣለሁ። አንድ ቀን ልጄ ከኔ ጋር ገበያ ተቀምጣ አንድ የክፍሏ ልጅ አይቷት፣ በማግስቱ ቡዳ ነሽ አላት። አሁን ግማሹ ክፍል እንደዛ ነው የሚጠራት፣ በእረፍት ሰዓት ትበላናለች እያሉ ምሳ እቃቸውን ከሷ ይሸፍናሉ። ስም ጠሪ መምህሯ መጀመሪያ ልጆች ናቸው ይረሱታል አለችኝ። ስመላለስባት ጊዜ ልጁን ሰልፍ ላይ አውጥታ በጎማ ገርፋ አንበረከከችው፣ የኔን ልጅ ደሞ እንዳይነኳት ብላ ኋላ ለብቻዋ አስቀመጠቻት። የልጁ እናት በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልጄ በቡዳዎች ምክንያት ተገረፈ ብላ ስማችንን ጠርታ ጻፈች። ጎረቤቶቼ በጥላቻ ንግግር ክሰሻቸው ይሉኛል። ልጁን መክሰስ እችላለሁ? ትምህርት ቤቱንስ?»

እህቴ አብሽሪ። ያቺ ምሳ እቃ የመሸፈኗ ነገር እኔንም ከስድቡ በላይ አሳመመችኝ፣ ምክንያቱም የ7 ዓመት ልጅ «ቡዳ በአይኑ ይበላል» የሚለውን ከራሱ አያመጣትም፣ የሆነ ቤት ምግብ ሲቀርብ ሲሸፈን አይቶ ነው። እሱን በልብሽ ያዢው፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ልጁን መክሰስ አትችይም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 52 ዘጠኝ ዓመት ባልሞላው ልጅ ላይ ይሄ ሕግ ጭራሽ አይሰራም ይላል፣ ፖሊስ ጋ ብትሄጂም ተቀብሎ የሚያደርገው ነገር የለም። ብዙ ሰው ግን እዚች ጋ ማንበቡን ያቆማል። አንቀጹ ይቀጥልና ልጁ ጥፋት ሲያጠፋ ቤተሰቡ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም አሳዳሪው ተገቢውን እርምጃ ሊወስዱ ይችላሉ ብሎ ነው የሚጨርሰው። አየሽ፣ ሕጉ ራሱ ትምህርት ቤት የሚለውን ቃል ጠርቶ ጽፎታል፣ ስለዚህ መምህሯ «ልጆች ናቸው» ስትልሽ ልክ ናት ልጆች ናቸው፣ ለዛም ነው ጉዳዩ ከፖሊስ ጠረጴዛ ተነስቶ እሷ ጠረጴዛ ላይ የመጣው። (ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉት ሌላ ስርዓት አላቸው፣ ፍርድ ቤት ሊቀርቡ ይችላሉ፣ ግን እንደ አዋቂ አይቀጡም። ያንቺን ጉዳይ አይመለከትም።)

ስለ ጥላቻ ንግግር ጎረቤቶችሽ ያሉሽ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። እስከ 2 ዓመት እስር ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ቅጣት ስላለው ሰው ሁሉ ሲናደድ እሱን ነው የሚጠራው። ነገር ግን አዋጁ ሆን ተብሎ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመስርቶ የሚሰራጭን ጥላቻ ነው የሚቀጣው፣ የእጅ ስራ ሙያ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጠበቃ ሆኜ በዚህ መስመር ሂጂ ብልሽ ገንዘብሽን ነው የማስጨርስሽ። ሕገ መንግስቱ ግን ሰፋ ይላል፣ አንቀጽ 25 ላይ ሰው በማኅበራዊ አመጣጡም በትውልዱም ልዩነት ሊደረግበት አይገባም ይላል፣ የሸክላ ሰሪ ልጅ መሆን እዚህ ውስጥ ይገባል። አንቀጽ 90 ደሞ ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ብቻ ሳይሆን ከባህላዊ ተጽዕኖም ነጻ ሆኖ መካሄድ አለበት ይላል። «ቡዳ» ከዚህ በላይ ምን ባህላዊ ተጽዕኖ አለ? ለትምህርት ቤቱ በምትጽፊው ደብዳቤ ላይ እነዚህን ሁለቱን ጥቀሺ።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስልሽ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሰራውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ አትስደቡ፣ ሰራተኛን በስራው የሰደበ እኔን እንደሰደበ ነው የሚል መልዕክት አስተላልፈው ነበር። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው። እኛ ወሎዎች ሙስሊሙ ክርስቲያኑ ባንድ ጣራ ስር ያድጋል እያልን እንኮራለን፣ እውነትም ነው፣ ግን ከሸክላ ሰሪና ከቀጥቃጭ ቤት ልጅ ማግባት ሲመጣ ስንቱ ሽማግሌ እንደሚመልስ እናውቃለን። የዛች እናት ቤት ያለው ጀበናስ ከየት መጣ ታዲያ!

አሁን ወደ ግርፋቱ። ምናልባት ልጁ ሲገረፍ ደስ ብሎሽ ይሆናል፣ አልፈርድብሽም። ሆኖም መምህሯ ያደረገችው ስህተት ነው፣ ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕጻን በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳ ወይም ጭካኔ ካለበት ቅጣት ነጻ የመሆን መብት አለው ይላል፣ የሰደበውም ሕጻን ማለት ነው። እኔ ራሴ ደሴ ሆጤ ሳድግ አባቱ ቆዳ የሚሰራ የክፍላችን ልጅ ነበረ፣ ፋቂ እያልን እንጠራው ነበር (እኔም ብያለሁ፣ አልደብቅም)። መምህሩ አንድ ቀን ሰምቶን ተራ በተራ ገረፈን። ከዛ ቀን በኋላ የተማርነው ነገር ቢኖር መምህሩ ጆሮ በማይደርስበት ቦታ መስደብ ነው፣ ልጁም ባስገረፈን ቂም ይዘንበት ጭራሽ ኳስ ሁሉ ማጫወት ተውነው። ያንቺም ልጅ ላይ የሆነው ይሄው ነው፣ ለዛ ነው የቴሌግራሙ ጽሁፍ የመጣው።

ወንበሩ ደሞ ከሁሉም ይብሳል። ተሰዳቢዋን ለብቻ ማስቀመጥ ማለት ክፍሉ የሚለውን ነገር መምህሯ በወንበር አረጋገጠችው ማለት ነው፣ ሐሳቧ ጥሩ ሊሆን ይችላል ግን ልጆቹ የሚያዩት ቡዳዋ ተለይታ እንደተቀመጠች ነው። መነሳት ካለበት ሌላው ይነሳ፣ እሷ ወደ ቦታዋ ትመለስ።

ትምህርት ቤቱ ምን ማድረግ ነበረበት ካልሽኝ፣ ስድቡ በተሰማበት ቀን እዛው ልጁን ለብቻው ጠርቶ ቡዳ ማለት ምን ማለት ነው፣ ማን ነገረህ ብሎ መጠየቅ፣ አብዛኛው ልጅ ትርጉሙን አያውቀውም የሰማውን ነው የሚደግመው፣ ከዛ ቃሉ ሰውን እንደሚጎዳና እዚህ ግቢ ውስጥ እንደማይባል በሚገባው ቋንቋ መንገር፣ በዛው ሳምንት ሁለቱንም ወላጅ ለየብቻ መጥራት (አንድ ላይ ከጠሩ ጸብ ነው የሚሆነው)፣ የተባለውንና የተደረገውን መዝግቦ መያዝ፣ ከተደጋገመ ወደ ወመህ (የወላጅና መምህር ህብረት) መውሰድ። ክፍሉንም ዝም ማለት አይቻልም፣ ግብረገብ የሚባል ትምህርት በስርዓቱ ውስጥ አለ፣ ሸክላ እንዴት እንደሚሰራ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢያዩበት ምን ይላል? የልጅቷን ስም ሳይጠሩ ግን። ደሞ ልጁን በግድ ሰልፍ ላይ ይቅርታ ማስባል የሚባለውን ነገር እኔ አልወደውም፣ የ7 ዓመት ልጅ የሚያፍረው በጥፋቱ አይደለም በሰው ብዛት ነው።

በፍትሐብሔር መጠየቅስ? ይቻላል። በ1952ቱ የፍትሐብሔር ሕግ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባት ይጠየቃል (አንቀጽ 2124)፣ ልጁ ትምህርት ቤት ባለበት ሰዓት ግን ኃላፊነቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ወገን ይዞራል፣ ይሄ ቀጣዩ አንቀጽ ላይ አለ። ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ያንቺ ልጅ የደረሰባት የሕሊና ጉዳት ነው፣ ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ደግሞ በአንቀጽ 2116 ከ1000 ብር አይበልጥም። አዎ አንድ ሺህ፣ በጃንሆይ ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ነበረ፣ ዛሬ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥተሽ ደሴ እየተመላለስሽ ብትከራከሪ ለትራንስፖርቱም ላይበቃ ነው። ሐኪም ቤት ወስደሻት ወጪ ካወጣሽ እሱ የቁስ ጉዳት ስለሆነ ለብቻው ይጠየቃል፣ ደረሰኙን ያዢ። ክሱን በ2 ዓመት ውስጥ ማቅረብ ስለሚቻል አሁን መቸኮል የለብሽም፣ እንደ መጨረሻ ካርድ አስቀምጪው።

የልጁ እናት ግን ልጅ አይደለችም። ስማችሁን ጠርታ ቡዳ ብላ ግሩፕ ላይ መጻፏ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 615 ስድብና ማዋረድ በሚለው ስር ሊወድቅ ይችላል፣ እስከ 3 ወር እስራት ወይም እስከ 300 ብር መቀጮ አለው፣ የሚጠየቀው ግን አንቺ አቤቱታ ስታቀርቢ ብቻ ነው፣ እሱም ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ። እኔ ብሆን መጀመሪያ በሽማግሌ አስጠርቼ እዛው ግሩፕ ላይ ጽሁፏን እንድታነሳና እንድታርም አስደርጋለሁ፣ እምቢ ካለች ፖሊስ ጣቢያ። ምሳ እቃው የት ቤት መሸፈን እንደጀመረም ያኔ ይታወቃል።

እና ነገ ጠዋት የምታደርጊው፣ ለርዕሰ መምህሩ ማመልከቻ ጻፊ፣ በቃል አትንገሪ፣ በቃል የተነገረ ነገር በኋላ «አልሰማንም» ነው የሚባለው። መቼ፣ ማን፣ ምን እንዳላት፣ ለመምህሯ ስንት ጊዜ እንደነገርሽ፣ ልጅሽ ተነጥላ እንደተቀመጠች፣ ግርፋቱንም ጨምሪ፣ እኔ ልጁ እንዲገረፍ አልጠየኩም የሚል አንድ መስመር ይኑርበት። የምትጠይቂው ሁለት ነገር ይሁን፣ ልጄ ዛሬውኑ ወደ ቦታዋ ትመለስ፣ እና የወሰዳችሁትን እርምጃ በጽሁፍ አሳውቁኝ። ኮፒው ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስደርጊ። በ10 ቀን ውስጥ መልስ ከሌለ ያንኑ ኮፒ ይዘሽ የከተማው ትምህርት መምሪያ ሂጂ፣ የግል ትምህርት ቤት ፈቃዱን የሚያሳድሰው እዛ ስለሆነ ካንቺ ክስ ይልቅ የነሱ ደብዳቤ ቶሎ ያሯሩጣቸዋል።

ቴሌግራሙን ግን ዛሬ ማታ ስክሪንሾት አንሺ፣ ቀኑና የላከችው ሰው ስም እንዲታይ አድርገሽ፣ ሳታጠፋው በፊት። ግሩፑ ላይ አንድም ቃል እንዳትመልሺ።