«ኢል ኦሬ ኤቴ አሬቴ» ማለት አልታሰረም ማለት ነው ወይ?

አይደለም እህቴ፣ አትደንግጪ። የባለቤትሽ የኦፍፕራ (የፈረንሳይ የጥገኝነት ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ደብዳቤ ላይ በፈረንሳይኛ ያለውን «ኢል ኦሬ ኤቴ አሬቴ» ስልክሽ «ይታሰር ነበር» ብሎ የተረጎመው ግሱን ከአውዱ ነጥሎ ስላየው ነው።

«ኦሬ» የ«አቭዋር» (መኖር፣ ለሌላ ግስ ረዳት የሚሆን) ግስ ኮንዲስዮኔል ነው፤ «ቢሆን ኖሮ» ለማለት የሚያገለግል የግስ ቅርጽ። በ«ሲ» (ከሆነ) ከሚጀምር ሐረግ ጋር ሲመጣ በእርግጥም የ«ኖሮ» ነገር ነው፦ «ሲል አቬ ሲ፣ ኢል ኦሬ ፌ አታንስዮን»፣ ቢያውቅ ኖሮ ይጠነቀቅ ነበር። «ሲ» ከሌለና ጽሑፉ የሰው ቃል እየዘገበ ከሆነ ግን ሥራው ይለወጣል፤ ጸሐፊው «ተባለ እንጂ እኔ አላረጋገጥኩም» ማለቱ ነው። ዜና ላይ ሞልቷል፦ «ላንሳንዲ ኦሬ ፌ ትርዋ ሞር»፣ እሳቱ ሦስት ሰው ገድሏል ተብሏል። ዕድሜም ላይ ይገባል፤ «ኢል ኦሬ ዲሴታን» ከተባለ 17 ዓመቴ ነው ይላል ማለት ነው። የባለቤትሽም «ታስሬ ነበር ይላል» ተብሎ ይነበብ። ውሸታም አላሉትም፣ አመኑትም ማለት አይደለም።

የመሥሪያ ቤቱን ሐሳብ የምታገኚው ወረድ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ «ቱትፍዋ» ወይም «ስፓንዳን» (ነገር ግን) ካለበት ጀምሮ ነው። እዚያ ኮንዲስዮኔሉ ይቀርና ግሱ ቀጥተኛ ይሆናል። ውድቅ ከሆነ ይግባኙ ደብዳቤው ከደረሳችሁ በ1 ወር ውስጥ ስለሆነ መጀመሪያ ይህን ክፍል አንብቢ።

ስታነቢ «ስሬ»ንም ፈልጊ። «ፓርቲር»ን (መሄድ) የመሳሰሉ ግሶች በ«አቭዋር» ፈንታ «ኤትር»ን (መሆን፤ ኮንዲስዮኔሉ «ስሬ») ስለሚይዙ «ኢል ስሬ ፓርቲ» ይሆናል፤ ትርጉሙ ያው «ሄጃለሁ ይላል» ነው። «ኦራ»ን ግን ከ«ኦሬ» ጋር አታምታቺ፣ እሱ የወደፊት ጊዜ ነው።

ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ይግባኝ ሲጻፍ ነው። ሰው ከውሳኔው ላይ ሐረጉን እንዳለ ይገለብጥና «ዦሬ ኤቴ አሬቴ» ይላል። ፈረንሳዊ አንባቢ ይህን ሲያይ ሰውየው የራሱን መታሰር ከሌላ ሰው የሰማው ይመስለዋል። በራስ ላይ የደረሰ ነገር በፓሴ ኮምፖዜ (በተራው ኃላፊ ጊዜ) ነው የሚጻፈው፦ «ዤ ኤቴ አሬቴ»፣ ታስሬ ነበር፤ ቀጥሎ ቀኑና ቦታው። ኮንዲስዮኔል የሚያስፈልገው በዓይኑ ላላየው ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ከአገር ከወጣ በኋላ ፖሊስ ቤት መጥቶ ነበር ከተባለ። እዚያም ቢሆን ማን እንደነገረው ስም ጠቅሶ ቢጽፍ ይሻላል።